ምዕራፍ ሰባት፦ ከማን እጅ ወጣ?

«እስክሪብቶህን አውሰኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ መልስ የተባለ የኢትዮጵያ ተማሪ ብዙ ጊዜ «ቦሮው ሚ ዩር ፔን» ብሎ ይጽፋል። መምህሩ በቀይ ያሰምርበትና «ሌንድ ሚ» ብሎ ያርመዋል። ሳምንት ሳይሞላ ያው ልጅ ያንኑ ይደግመዋል። በወላይታ ሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ይህን ስህተት ሳያርም ያለፈው ዓመት የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፈተና አውጪዎችም ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ሁለቱ ግሦች በምርጫ ጥያቄ ላይ «ሀ» እና «ለ» ሆነው ጎን ለጎን ተፈታኙን የሚጠብቁት ለዚህ ነው።

ቦሮው መበደር ወይም መዋስ ነው፤ ሌንድ ማበደር ወይም ማዋስ። ትርጉሙ ይኸው ነው። በአንድ መስመር የሚያልቅ ነገር ታዲያ ስለ ምን ዓመት ሙሉ ያስቸግራል? ምክንያቱ ልጁ ወደ ክፍል ይዞት በሚገባው ቋንቋ ውስጥ ነው ያለው።

ለሶዶ ልጅ ደግሞ ያ ቋንቋ አንድ አይደለም። በቤትና በመንደር ወላይትኛ አለ፤ በገበያና በመናኸሪያ አማርኛ ይሰማል፤ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ ትምህርት ይሰጣል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደረስ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ወላይትኛ ራሱ ወደ ጥቁር ሰሌዳ የመጣበት መንገድ ቀላል አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማስተማሪያ እንዲሆኑ መጀመሪያ ከተመረጡት አምስት ቋንቋዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ ያኔ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ወደ ላቲን ፊደል ተዛወረ። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ አባት ወላይትኛውን በግዕዝ ፊደል፣ ልጅ በላቲን ፊደል የተማሩበት አጋጣሚ አለ። ልጁ የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ሲከፍት ፊደሉ አዲስ አይሆንበትም። አዲስ የሚሆንበት ግሡ ነው።

በአማርኛ «ተበደረ» እና «አበደረ» ሁለት የተለያዩ ቃላት አይደሉም። ሥራቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው በአፋቸው ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ናት። «ተዋሰ» ሲል ነገሩ ወደ ሰውየው መጣ፤ «አዋሰ» ሲል ከሰውየው ወጣ። «ተከራየ» እና «አከራየ»፣ «ተቀበለ» እና «አቀበለ» በዚያው መንገድ ይሄዳሉ። አማርኛ ተናጋሪ እነዚህን ሲጠቀም አንድን ድርጊት ከሁለት በኩል እያየ ነው፤ ሁለት ድርጊት ያለ አይመስለውም።

ወላይትኛ ከአማርኛ ጋር የቅርብ ዝምድና የለውም። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ወላይትኛ ደግሞ አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሃሮልድ ፍሌሚንግ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ከኩሻዊው በለየውና ኦሞአዊ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ሥራውን የሚሠራበት ዘዴ ግን ያው ነው፤ አማርኛ ከፊት የሚለጥፈውን ወላይትኛ ከኋላ ይቀጥላል። «ታማሪስ» ማለት ተማረ ነው፤ «ታማሪሲስ» ማለት አስተማረ። ከአማርኛ የመጣውን ግሥ እንኳ ወላይትኛ በራሱ ቅጥያ ነው «ያስተማረው»። እንግሊዝኛ እዚህም ላይ «ለርን» እና «ቲች» የሚባሉ በመልክ የማይገናኙ ሁለት ቃላትን ያመጣል።

እንግዲህ ልጁ ምን እንደሚያደርግ ግልጽ ነው። «ቦሮው»ን መጀመሪያ ይማረዋል፤ ሥሩን ያገኘ ይመስለዋል። ከዚያ «አበድረኝ» በሚለው ውስጥ ያለችውን «ኝ» ወስዶ «ሚ» ብሎ ይጨምርበታል፤ «ቦሮው ሚ» ይወለዳል። ስሌቱ በራሱ ቋንቋ ሕግ እንከን የለውም። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ «ተ»ን ወደ «አ» የሚለውጥበት ፊደል ስለሌለው ቃሉን ራሱን አውጥቶ ሌላ ቃል ያስገባል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የእንግሊዝኛ የቅርብ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ «ላይን» የሚል ግሥ አለው፤ መዋስም ማዋስም እርሱው ነው። «ቦርገን» የሚለውም እንዲሁ ለሁለቱም ያገለግላል። ጀርመኖች ማን ሰጥቶ ማን እንደተቀበለ የሚያውቁት ከዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው፤ አንዱ የሌላውን ገንዘብ ይዞ ጠፋ እንጂ ቃሉ አሳሳተን ብለው ሲካሰሱ አልተሰማም። ከእነርሱ መካከል እንግሊዝኛ የሚማረውም «ቦሮው ሚ» ሲል ይገኛል። በእንግሊዝኛ አፍ በሚፈታባቸው አንዳንድ አካባቢዎች ራሳቸው ተናጋሪዎቹ በሠፈር ንግግር ይሉታል፤ መምህሮቻቸውም እንደ ሶዶዎቹ ያርሟቸዋል።

የ«ቦሮው» ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ልዩ ትርጉም አለው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቦርግ» ማለት መያዣ ወይም ዋስ ነበር። ግሡም በዋስ ወይም በመያዣ መውሰድ ማለት ነው። በጀርመንኛ ዛሬም «ቡርገ» የሚባለው ዋስ የሚሆን ሰው ነው። አማርኛችን ደግሞ «ተዋሰ» የሚለውን ያወጣው ከዚያው ሐሳብ ነው፤ «ዋስ» እና «ተዋሰ» አንድ ሥር ናቸው፤ በትግርኛ «ዋሕስ» በሚለው ውስጥ የጠፋችብን ሐመሩ «ሐ» ገና በቦታዋ አለች። ምንም ያልተገናኙ ሁለት ሕዝቦች፣ አንዱ በሰሜን ባሕር ዳር አንዱ በአፍሪካ ቀንድ፣ የሰው ዕቃ መውሰድን የሰየሙት ወሳጁን በሚያስይዘው ሰው ነው። ያለ ዋስ የሚሰጥ አልነበረም ማለት ነው።

ዋሱ ዛሬም አልጠፋም። በወላይታ ገጠር መሬት ጠባብ ነው፤ ዞኑ ከአገሪቱ እጅግ ከተጨናነቁ የእርሻ አካባቢዎች አንዱ በመሆኑ ለባንክ የሚያስይዙት ቤትም ንብረትም የሌላቸው ገበሬዎች ብዙ ናቸው። እንደ ኦሞ ማይክሮፋይናንስ ያሉ ተቋማት በደቡብ ሥራ ሲጀምሩ መላ የፈለጉት በቡድን ዋስትና ነው፤ ጎረቤታሞች በቡድን ይደራጃሉ፤ አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉ። እንግሊዛዊው ሺህ ዓመት አልፎት የረሳው የ«ቦሮው» ነባር ትርጉም እዚያ ቡድን ውስጥ በየወሩ ይሠራበታል።

«ሌንድ»ን በተመለከተ ታሪኩ አጭር ነው። መጀመሪያ መጨረሻው ላይ ያለችው «ድ» አልነበረችም፤ በመካከለኛው ዘመን ከኃላፊ ጊዜው ቅርጽ ተሻግራ እዚያው ቀረች። ወንድሙ «ሎን» ደግሞ በቫይኪንጎች ቋንቋ በኩል የገባ ነው። ይህን «ሎን» የከተማ አማርኛም ወስዶታል፤ «ሎን ወስዶ መኪና ገዛ» ሲባል የማይገባው የሶዶ ነጋዴ የለም።

እስካሁን የታየው እንግሊዝኛ የለየውና አማርኛ ያጣመረው ነው። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፤ ይህም ከቀድሞው ይልቅ የሚያስገርም ነው።

እንግሊዝኛ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ነገሩ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን ገባ? የተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ አይገደውም። መጽሐፍም ቦሮው፣ 1000 ብርም ቦሮው፣ አንድ ጣሳ ጤፍም ቦሮው። አማርኛ ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል፦ የሚመለሰው ራሱ ነው ወይስ ምትኩ? ራሱ የሚመለስ ከሆነ ውሰት ነው፤ ምትኩ የሚመለስ ከሆነ ብድር። መጥረቢያ እንዋሳለን፣ ብር እንበደራለን። ውሰት ይመለሳል፣ ብድር ይከፈላል። ጎረቤቷን «ስኳር አበድሪኝ» የምትል ሴት ቃሉን በትክክል መርጣለች፤ ያቺ ስኳር በሻይ ውስጥ ልትሟሟ ስለሆነ ነገ የምትመልሰው ሌላ ስኳር ነው። «ወንፊት አውሺኝ» ስትል ደግሞ ያንኑ ወንፊት ይዛ ልትመጣ ነው። (እሳት ከሁለቱም ውጭ ነው። የሚጫር እሳት ከሰጪው ምንም አይቀንስም፤ ስለዚህ ማንም አይበደረውም፣ ማንም አይዋሰውም።)

ይህ ክፍፍል የአማርኛ ብቻ አይደለም። ኦሮምኛ ለገንዘብ «ሊቄፈቹ»፣ ለዕቃ «ኤርጊፈቹ» ይላል፤ ለሰጪው ደግሞ «ሊቄሱ» እና «ኤርጊሱ» አለው። ሁለቱንም ጥያቄ በአንድ ጊዜ መለሰ ማለት ነው፤ አራት ቃል፣ አራት ቦታ። እንግሊዝኛ ሁለት ብቻ ይዞ ነው የሚኮራው።

ሕግም ያለዚህ ልዩነት መሥራት አይችልም። ሮማውያን ሁለቱን በሁለት ስም ለይተዋቸው ነበር፤ ከእነርሱ ፈረንሳዮች ወረሱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ስለነበር ልዩነቱ በእኛም ሕግ ገባ፤ የገንዘብና የሌሎች አላቂ ነገሮች ብድር ከአንቀጽ 2471 ጀምሮ ይገዛል፤ ለመገልገያ የሚሰጥ ዕቃ ውሰት ደግሞ ርቆ ከአንቀጽ 2767 ጀምሮ። በመካከላቸው ወደ 300 የሚጠጋ አንቀጽ አለ። ልዩነቱ የባለቤትነት ነው። የተበደረ ሰው የተበደረው ብር ባለቤት ይሆናል፤ ይለውጠዋል፣ ያጠፋዋል፣ ልኩን ይመልሳል። የተዋሰ ሰው ግን ባለቤት አይሆንም፤ ዕቃው የባለቤቱ እንደሆነ ይቆያል። የሕጉ የእንግሊዝኛ ቅጂ አንዱን «የገንዘብና የአላቂ ነገሮች ሎን»፣ ሌላውን «ለመገልገል የሚደረግ ሎን» እያለ ረጅም ሐረግ ለመደርደር ተገድዷል። አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ «ብድር ነው ወይስ ውሰት?» ብሎ ይጨርሰው ነበር።

ወለድም የሚኖረው በብድር ላይ ብቻ ነው። ይኸው ሕግ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ የብድር ወለድ በዓመት ከ100 ከ12 እንዳይበልጥ ገደብ አድርጓል፤ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድርም በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ እንዲረጋገጥ አዝዟል። ገደቡን ጥሶ የችግረኛን አንገት የሚያንቅ አራጣ አበዳሪን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይቀጣዋል። «ወለድ» የሚለው ቃል ከመውለድ መምጣቱን ለማስታወስ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የጥንት ግሪኮችም የገንዘብን ትርፍ የሚጠሩት ልጅን በሚጠሩበት ቃል ነበር። ወንፊት አይወልድም፤ ስለዚህ ወለድ የለውም። ላም ግን ትወልዳለች፤ ነገሩ የሚጠነክረውም እዚህ ላይ ነው።

በወላይታ ከብት የሌለው ገበሬ የሌላውን ላም ወስዶ የሚያረባበት «ሃራ» የሚባል ደንብ አለ። ላሟ የባለቤቷ እንደሆነች ትቆያለች። አርቢው ይመግባታል፣ ይጠብቃታል፤ ወተቷን ያገኛል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ እበቷን። እበት በወላይታ ዋዛ አይደለም፤ በቤት ዙሪያ ያለው የእንሰት ጓሮ የሚኖረው በእርሱ ነው፤ ከብት የሌለው ቤት እንሰቱም ይኮሰምናል። ላሟ ከተዋሰ ሰው ቤት እንዳለች ትቆጠር፤ ራሷ ስለምትመለስ ውሰት ናት። ጥጃዋ ግን ወለድ ነው፤ በስምምነታቸው መሠረት ይከፋፈላሉ። ታዲያ ባለቤቱ ላሟን «ሌንድ» አደረገ? አርቢውስ «ቦሮው»? ሁለቱም ግሦች ይህን ሊሸከሙ አይችሉም፤ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎችም ስለዚህ ሲጽፉ ሁለቱን ቃላት ትተው በሐረግ ማስረዳት ይመርጣሉ።

አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ጥማድ ሲያሟላም ችግሩ ያው ነው። ይህ መቀናጆ ይባላል። ዛሬ የእኔ በሬ በአንተ ማሳ፣ ነገ የአንተ በእኔ። እዚህ ላይ አበዳሪና ተበዳሪ በየቀኑ ቦታ ይቀያየራሉ።

እቁብ ከዚህም የባሰ ነው። አሥር ሰዎች በወር 1000 ብር ቢጥሉ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 10,000 ብር ይዞ ይሄዳል፤ ከእርሱ የራሱ 1000 ብር ብቻ ነው። የቀረውን 9000 በሚቀጥሉት ወራት እየጣለ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ተበዳሪ ነው። የመጨረሻው ሰው ዘጠኝ ወር ሙሉ ለሌሎች ሲሰጥ ቆይቷል፤ አበዳሪ ነው። የመካከሉ ሰው በዙሩ ግማሽ አበዳሪ፣ በግማሹ ተበዳሪ። ዕጣው እስኪወጣ ድረስ ግን ማን ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። እንግሊዝኛ ለዚህ ግሥ የለውም፤ አማርኛም «እቁብ ገባ» ብሎ አለፈው እንጂ አበደረ ወይም ተበደረ አላለም። ብልህነት ነው።

ሁለቱ የእንግሊዝኛ ግሦች አቅማቸውን የሚያሳዩት ገንዘቡ በሰንሰለት ሲሄድ ነው። የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ዋዱ፣ በ1962 ዓ.ም. አካባቢ በሶዶ ሥራ ሲጀምር ከገንዘቡ አንድ ክፍል ከዓለም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ባንኩ ለመንግሥት አበደረ፤ መንግሥት ተበደረ። ከዚያ ድርጅቱ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ አቀረበ፤ ገበሬው ሲያመርት ይከፍላል። እንግሊዝኛ ይህን ሲተርክ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ግሡን ይቀይራል፤ ያው መንግሥት ወደ ላይ ሲያይ ቦሮወር ነው፣ ወደ ታች ሲያይ ሌንደር። አንባቢው ስሙን ብቻ አይቶ አቅጣጫውን ያውቃል። የባንክ ቋንቋ እነዚህን ሁለት ቃላት የሚወደው ስለዚህ ነው።

ማዳበሪያው ራሱ ሌላ ነገር ያሳያል። ዳፕ የተባለው ማዳበሪያ መሬት ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ከረጢቱን ይዞ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ገበሬው ማዳበሪያ ተበደረ እንጂ ተዋሰ አይባልም። ዝናብ ቀርቶ በቆሎው ቢደርቅ ዕዳው አይደርቅም። ባለቤትነቱ ወደ ተበዳሪው ስለተላለፈ ኪሳራውም አብሮ ተላልፏል፤ ውሰት ቢሆን ኖሮ ያለ ተዋሹ ጥፋት የጠፋ ዕቃ ጉዳይ ለክርክር በር ይከፍት ነበር። በደቡብም በሰሜንም ከማዳበሪያ ዕዳ ጋር የተያያዘው የገበሬ እሮሮ ሁሉ የቆመው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ግን «ቦሮው» ከሚለው ቃል ይህን አያገኝም።

አማርኛው ክፍፍሉን ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ ማየት የሚፈልግ የስፖርት ዜና ያዳምጥ። በእግር ኳስ ተጫዋች ከአንድ ክለብ ወደ ሌላ ለጥቂት ወራት ሲሄድ እንግሊዞች «ሎን» ይሉታል፤ ባንክ ለሚሰጠው ገንዘብ የሚሉትም ያንኑ ነው። የአማርኛ ጋዜጠኛ ግን «በውሰት ሄደ» ይላል። «በብድር ሄደ» ያለ ጋዜጠኛ የለም። ቢል ኖሮ ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ ሌላ ተመሳሳይ አጥቂ ሊመልስ ነው ማለት ይሆንበት ነበር። ይህን ማንም ለጋዜጠኞቹ አላስተማራቸውም፤ የሕጉንም አንቀጽ አላነበቡም።

የቋንቋ ሊቃውንት ግን እዚህ ላይ ተሳስተዋል ማለት ይቻላል። አንድ ቋንቋ ከሌላው የወሰደውን ቃል «የውሰት ቃል» ይሉታል። ወላይትኛ «ታማር»ን ከአማርኛ ወስዷል፤ አማርኛ «ባንክ»ን ከአውሮፓ። ማን ሊመልስ? በትምህርት ቤት ሒሳብም 2 ከ5 አንሶ ከአሥር ቤት «የተበደረው» ቁጥር ተመልሶ አያውቅም።

እንግሊዝኛ ስለ አቅጣጫ ይህን ያህል ጠንቃቃ ከሆነ በሁሉም ቦታ እንዲያ መሆን ነበረበት። አይደለም። «ሬንት» የሚለውን ግሥ እንውሰድ። ቤት የተከራየውም «ሬንት» ይላል፣ ያከራየውም «ሬንት» ይላል። በሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዙሪያው ብዙ ቤት ተሠርቷል፤ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ቤት ሬንት አደርጋለሁ» ቢል ባለ ቤት ይሁን ቤት ፈላጊ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ብቻ አይታወቅም። አማርኛ «ተከራየሁ» እና «አከራየሁ» ብሎ በአንዲት ፊደል ይለየዋል። ልጆቹን «ቦሮው» እና «ሌንድ» እያለ የሚቆጣው ቋንቋ በቤት ኪራይ ላይ ራሱ የተማሪዎቹን ስህተት ይሠራል። እንግሊዞች ለባለ ቤቱ «ሌት» የሚል ቃል ቢያስቀምጡም አሜሪካኖች እምብዛም አይጠቀሙበትም።

በምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ መጠንቀቅ ነው። እንግሊዝኛ ለሚረዳ ሰው «እጁን አዋሰ» ይላል፤ ለሚያዳምጥ «ጆሮውን አዋሰ»። አማርኛ ጆሮውን ይሰጣል እንጂ አያውስም። እጅንም ይሰጣል፤ ግን «እጁን ሰጠ» የሚባለው ተሸንፎ ሲማረክ ነው። ቃል በቃል የተረጎመ ሰው ጎረቤቱን ሊረዳ የመጣውን ሰው ምርኮኛ አድርጎ ያቀርበዋል። በሌላ በኩል «ብድሩን መለሰ» የሚለው አማርኛ አንዳንዴ ውለታ ነው፣ አንዳንዴ በቀል ነው፤ እንግሊዝኛውም «ፔይ ባክ» ሲል ሁለቱንም ይሸከማል። እዚህ ላይ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይነጋገሩ ተገናኝተዋል።

ዛሬ ብድር በስልክ ሆኗል። ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሽን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር መላ የሚባለውን አነስተኛ ብድር ከጀመረ ወዲህ ገበያ ላይ የቆመ ነጋዴ ዋስ ሳይጠራ፣ ፊርማ ሳያኖር በጣቱ ይበደራል። ስልኩ በአማርኛ ሲያወራ «ብድር» ይላል፤ አቅጣጫውን ለተጠቃሚው ይተወዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የባንክ ውል ሲቀርብለት ግን «ቦሮወር» የተባለው እርሱ መሆኑን፣ «ሌንደር» የተባለው ባንኩ መሆኑን ሳያውቅ መፈረም የለበትም። ሁለቱ ቃላት ቦታ ቢለዋወጡ ግዴታው ሁሉ ይገለበጣል።

ለተማሪው ያለው መንገድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከትርጉም መጀመር የለበትም። ከግሡ ቀጥላ የምትመጣውን ትንሽ ቃል ያጢን። ሰጪው ሲጠቀስ ቦሮው «ፍሮም»ን ይፈልጋል፤ ነገሩ ከአንድ ሰው ይመጣል። ሌንድ «ቱ»ን ይፈልጋል፤ ወደ አንድ ሰው ይሄዳል። «ቱ» ባትኖር እንኳ ሌንድ ሰውየውን ከጎኑ ያስቀምጣል፦ «ሌንድ ሚ»፣ «ሌንድ ሂም»። ቦሮው ግን ሰውን ከጎኑ አያስቀምጥም፤ ከጎኑ የሚቀመጠው ዕቃው ብቻ ነው። «ቦሮው ሚ» የሚለው ስህተት የሆነው በእንግሊዝኛ ጆሮ ሰውየውን ራሱን ውሰዱት እንደማለት ስለሚሰማ ነው። በአማርኛ «ኝ» ያለበት ትእዛዝ ሁሉ፣ «አውሰኝ» ይሁን «አበድረኝ»፣ ወደ ሌንድ ይሄዳል። «ልዋስ»፣ «ልበደር» ያለ ወደ ቦሮው ይሄዳል። መምህራን በሁለቱ ግሦች ላይ አሥር ልምምድ ከሚሰጡ «አውሰኝ» እና «ልዋስህ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፉ ይሻላል።

አሜሪካኖች በቀድሞው ዘመን ከእንግሊዝ ይዘውት የሄዱትን «ሎን» ዛሬም እንደ ግሥ ይጠቀሙበታል፤ «ሎን ሚ» ይላሉ፣ የእንግሊዝ የስፖርት ጋዜጦችም ስለ ተጫዋች ሲጽፉ እንዲሁ ያደርጋሉ። ጥንቁቅ የእንግሊዝ አራሚዎች ግን በሌላ ጽሑፍ ላይ አይወዱትም። በፈተና ወረቀት ላይ ከ«ሎን» ይልቅ «ሌንድ»ን የመረጠ ተማሪ በየትኛውም አገር አይታረምም።